የኮሎኔሉ መኪና ጉዳይ

ለአባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ከብርዱ ጋር ተስማማ? ወንዙ በብርድ ጠጥሮ፣ በረዶውን ሰርስረው ዓሣ ማጥመድ እንደ ጀመሩ እህቴ ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ድካሙ ብቻ አልለቀቀኝም።

የዚያ ኮሎኔል ነገር ሳይቋጭ ይኸው ሁለተኛ የበረዶ ወራት ያዘው። ሰክሮ እየነዳ በር ጠባቂዋን ወታደር ገጭቶ እግሯን ሲሰብር ምርመራው የደረሰው ለእኔ፣ ለተረኛዋ የወታደር ፖሊስ፣ ነበር። አለቃዬ «በረዶ አንሸራቶት ነው ብለሽ ዝጊው» አለኝ። እምቢ ብዬ በወታደር ፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ለሚሰማው፣ ዋና ከተማው ኦታዋ ላለው የሲቪሎች ኮሚሽን አቤት አልኩ። ያኔ እርስዎ፣ በዚሁ ጦር ሠፈር እንዳገለገለ ሰው፣ በስልክ «የወታደር ፖሊስን የሚዳኘው ወታደር ነው! ጠመንጃ ጨብጠው የማያውቁ የኦታዋ ሰዎች ምን አገባቸው?» ብለው እንዴት እንደ ተቆጡኝ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ሰላም አይለኝም። ምሳ ቤት ስገባ ባልደረቦቼ «ዝም በሉ፣ ኦታዋ መጣች!» እያሉ ይሳሳቃሉ። ቀልድ ነው ይላሉ። ሰልችቶኛል፣ አባባ።

በመኮንኖች ክበብ መጠጥ የምትቀዳው ሙሪየል፣ ኮሎኔሉ ያን ምሽት ሲጠጣ ያየች ናት። ልትመሰክር ተስማምታ ሳለ በድንገት «ምንም አላየሁም» አለች። ኮሚሽኑ ወይዘሮ ቴሪዮ የሚባሉ መርማሪ ላከ። ረጋ ያሉ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሴት ናቸው። ሙሪየል እፊታቸው አልቅሳ እውነቱን አወጣችው። አንድ ሽማግሌ ደውሎላት ኖሯል። «ልጄ፣ ጡረታሽ ደርሷል፤ የሠፈራችንን ገመና ለባዳ አታውጪ» ብሏታል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ ድምፁ ተሰብሮ፣ «የገዛ ልጄ በዚህ ነገር እየጠፋችብኝ ነው፤ እባክሽ እርጂኝ» አላት። ሙሪየል «ክፉ ሰው አልመሰለኝም» ብላለች።

ወይዘሮ ቴሪዮ ይህን ነግረውኝ፣ «ማን ሊሆን ይችላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ውኃ ለመንኳቸው። ጠጥቼ ስጨርስ መለስኩላቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እርስዎ ዘንድ ይመጣሉ። ደጃፉ እንዳያንሸራትታቸው ጨው ይበትኑበት። ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። አይቆጧቸው፣ አባባ፤ የሚጠይቁዎትን ብቻ እንደ ሆነው ይንገሯቸው። በማግስቱ እኔም እመጣለሁ፣ በሩን ከከፈቱልኝ።

አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ከፊቴም አያርቅዎ።

ያልጠፋችብዎት ልጅዎ