ብራዲኪኔዥያ የተባለው ቃል

ይድረስ ለውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ ዋሽቼሽ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ እታለም። በዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ቀኝ እጄ ሰነፈብኝ። አያመኝም፣ አላበጠም፤ ብቻ ያዘዝኩትን ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጺም የላጨሁበት እጅ! ፀጉር ቤት የሚመጡት ደንበኞቼ መጀመሪያ ቀለዱብኝ። ያ ለፍላፊው ባለ ታክሲ፣ አንዱን ጉንጬን እስክትጨርስ ሌላኛው ያበቅላል ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ የሸሚዜን ቁልፍ መፍታት ሲያቅተኝ ግን ሳቁ ከየት ይምጣ!

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጣቶቼን አስከፍቶ አስጨበጠኝ፣ ወዲያ ወዲህ አስኬደኝ። ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ ረጅም ቃል ጽፎ፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ለሌላ ምርመራ ቀጠረኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ሳልጠይቀው ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ።

ወደ ፀጉር ቤቱ ስመለስ አንዱ ደንበኛዬ፣ ጡረተኛው ፋርማሲስት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ጉንጩን አረፋ ቀብቼ ወረቀቱን አሳየሁት። እሱ እንደሆነ ማስረዳት ሲወድ ለጉድ ነው! ብራዲኪኔዥያ ይላል፣ የግሪክ ቃል ነው አለኝ። ብራዲስ ማለት ዘገምተኛ፣ ኪኔሲስ ማለት እንቅስቃሴ። ሲኒማ የሚለውም ከዚያው ከእንቅስቃሴው የመጣ ነው አለና ደስ ብሎት ሲያወራ ቆየ። ድንገት ምላጩን አየ፣ እጄን አየ። ቀጠሮ ረስቼ አለኝና አረፋውን ራሱ ጠርጎ ወጣ። እሱ ደግሞ ምን ቀጠሮ አለው! አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን አንገቴን አልሰጥም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጺም የሚላጭ ሲመጣ ምላጭ አልቆብኛል እያልኩ እመልሳለሁ። ለሚስቴም አልነገርኳት። ሌላ ሥራ አላውቅ፣ ምን ልሁን?

ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ አስጽፎኝም ነበር፤ ፊደሎቼ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እያነሱ ሄዱ። የጠረጠርኩት በሽታ ከሆነ ጽሕፈትንም ያሳንሳል አለኝ። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩት። ቤት ገብቼ ግን ያንቺን ደብዳቤዎች አውጥቼ አልጋው ላይ ደረደርኳቸው። አምና የላክሽው ያለ አጉሊ መነጽር አይነበብም። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለቱ በኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው፤ ፊርማሽ እንኳ የለባቸውም። በእጅ ያልተጻፈ ደብዳቤ ምኑን ደብዳቤ ሆነ ስትይን የኖርሽ አንቺ!

እባክሽ እታለምዬ፣ የዚህን መልስ በእጅሽ ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል። በኮምፒውተር ተጽፎ ከመጣ ሳላነበው ይገባኛል።

ፈጣሪ አንቺን አያሳጣኝ፤ ክፉሽን አያሰማኝ።

የምትሳሺለት ታናሽ ወንድምሽ