ፌሮን ከዝገት ሲጠብቁ የኖሩት የአቶ ተረፈ በዛብህ ዕረፍት

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ፤

የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ድልድይ ጥገና ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር መሥራች አባሉና የረጅም ዘመን ፎርማኑ አቶ ተረፈ በዛብህ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በታላቅ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በሚዛን ተፈሪ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት ተፈጽሟል።

አቶ ተረፈ በ1984 ዓ.ም. በብረት ሠራተኛነት ወደዚህ አገር ሲመጡ መንገዱ ጭቃ፣ ካምፑም ድንኳን ነበር። ከየአገራችን ርቀን ለመጣን ሁሉ ያ ድንኳን ቤት የመሰለን እሳቸው ስለነበሩበት ነው። ዛሬም ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚታወሰን ያ ዘመን ነው።

አርማታ ከመሞላቱ በፊት በፌሮው ብረትና አርማታውን በሚይዘው ሳንቃ መካከል ሦስት ጣታቸውን ያስገቡ ነበር። ካልገባ ሥራው ይቆማል። ለውጭው ገጽ የቀረበ ፌሮ ውሃ ያገኘዋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም አርማታውን ይሰነጥቃል። ይህን ትምህርት ያገኘነው ከእነዚያ ጣቶች ነው። «ጋሼ ሦስት ጣት» ብለን ስንጠራቸውም አይቆጡም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ሦስት ትናንሽ ድልድዮች ሲሠሩ ፌሮውን ከሳንቃው ከፍ አድርጎ የሚይዘው የሲሚንቶ ጠፍጣፋ አለቀ። አቶ ተረፈም በጊዜው ሁሉም ያደርገው እንደነበረው ከተጎነደለ የቡና ዛፍ እንጨት ተቆርጦ እንዲገባ ፈቀዱ። ሦስቱ ጣት በደንብ ገባ። እንጨቱ ግን አርማታው ውስጥ ቀረ።

በ1997 ዓ.ም. ከሦስቱ አንዱ በሆነው፣ በሸዋ ቤንች መንገድ ባለው ድልድይ ሥር ቡናማ የዝገት መስመር ተመለከቱ። እንጨቱ በስብሶ ለውሃ በር ከፍቶ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ለመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «እንጨቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የቡና ጭነት ሳይጀመር ከባድ መኪና ይታገድ።» በደብዳቤው ምክንያት ለሁለት ዓመት ከፎርማንነታቸው ተነሡ፤ እገዳው ግን ጸና።

ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. ከሦስቱ ድልድዮች ሁለቱን በእጃቸው አደሱ። የላላውን አርማታ እየቆረቆሩ አነሡ፤ ፌሮውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈገፈጉ፤ በጥቅጥቅ ሙሌትም መልሰው ሸፈኑ። ሁለቱም ዛሬ የቡና መኪና ያሳልፋሉ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በመኸር ወራት ድልድይ ለድልድይ ይዞሩ ነበር። ቡና በድልድይ ላይ የሚያሰጡ ሰዎች ፍሬው እንዳይፈስባቸው የውሃ መውረጃውን በጨርቅ ይወትፉታልና። በቴፒ መውጫ ወይዘሮ ዘይቱና የተባሉ ነጋዴ፣ «ጋሼ ተረፈ፣ ከሚስትዎ ሌላ ድልድዩንም አግብተዋል እንዴ?» ብለው ቢቀልዱባቸው፣ «እህቴ፣ ያንቺ ቡና ሲደርቅ የእኔ ፌሮ ይረጥባል» ብለው ጨርቁን ነቀሉ። ወይዘሮ ዘይቱና በቀብራቸው ዕለት ከሁሉ ቀድመው የደረሱ እንግዳ ነበሩ።

በማጂ መንገድ ያለው ሦስተኛው ድልድይ እስካሁን አልታደሰም። አቶ ተረፈ አልጋ ላይ ከመዋላቸው በፊት ሲሚንቶውንና ብሩሹን አስመድበው ነበር። በሕመማቸውም ወቅት ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ ስለ ጤናቸው ከመናገራቸው በፊት ስለዚሁ ድልድይ ይጠይቁ ነበር።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ለልጃቸው ለህሊና፣ ለወዳጆቻቸውና አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። የጻፍነው ዓመተ ምሕረት ቢሳሳት ቤተሰቡ በይቅርታ እንዲያርመን እንጠይቃለን።

ለቅሶ ልንደርስ በሄድን ጊዜ ወይዘሮ ሸዋነሽ ገና ሳንቀመጥ «የማጂውስ?» ብለውን ነበር። አሁን በማኅበሩ ስም እንመልሳለን፦ ከሰልስቱ ማግስት፣ ማክሰኞ መጋቢት 13 ቀን፣ ሲሚንቶውንና ብሩሹን ይዘን ወደ ማጂው ድልድይ እንወጣለን።

መጋቢት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.
ሚዛን ተፈሪ