በአንድ ቆርቆሮ ላይ ስለተሰጡ ሁለት ውሳኔዎች

ለተከበሩ አቶ ሃብተአብ፣
የቤት እድሳት ፈቃድ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤትዎ እስከ ቢሮዎ ድረስ ላለው የመኪና መንገድ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ያከልኩት፣ ከዚህ በታች በትሕትና እንደማስረዳው፣ የሰፈራችን ጣሪያ ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ስለደረስኩበት ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ባለ አንድ ግቢ የምኖር ሰው ነኝ። ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን፤ ከላያችን የተዘረጋውም ጣሪያ አንድ ነው። ቆርቆሮው በአንድ ቀን ተመቶ፣ አብሮ ዝጎ፣ ዛሬ በሁለታችንም ቤት እኩል ያፈሳል። ክረምቱ ሳይገባ ልናስቀይረው ተስማምተን ሁለት ማመልከቻ አስገባን። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ከስምና ከቤት ቁጥር በቀር በአንድ ቃል እንኳ አይለያዩም። ክቡርነትዎ የእኔን ማክሰኞ፣ የእርሷን ረቡዕ ተመለከቱልን። ለተሰጠን መልስ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በእኔ ማመልከቻ ግርጌ «ጣሪያው ያረጀ በመሆኑ እድሳቱ ተፈቅዷል» ብለው ስለፈረሙ አመሰግናለሁ። በወይዘሮ ዘይነባ ማመልከቻ ግርጌ ደግሞ «ጣሪያው ያረጀ በመሆኑ እድሳቱ ተከልክሏል» ብለው ፈርመዋል። ከአንድ ቀን እስከ ሌላው ቀን ምክንያትዎ ያለመናወጡን ሳላደንቅ አላልፍም፤ የተለወጠው ውሳኔው ብቻ ነው።

፪. የቢሮዎ ጥበቃ ጋሽ መድሃኔ ለባለጉዳይ ስለሚሰጡት አገልግሎት ምስጋናዬ ይድረስ። ጋሽ መድሃኔ ክቡርነትዎ ከመኪና ሲወርዱ ፊትዎን አይተው፣ በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ «ዛሬ በቃ ይቅርባችሁ፤ ጎተራ ተዘጋግቶባቸው ነው የመጡት» እያሉ ይመክራሉ። የሚሰማቸው ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ መንገዱ በተከፈተ ቀን ይመጣል፣ ይፈቀድለታልም። በዚያ ረቡዕ አንድ የጭነት መኪና ጎተራ ድልድዩ ሥር ተበላሽቶ ቆሞ ነበር፤ ወይዘሮ ዘይነባ ግን በጓሮው በር ስለገባች ምክሩ አልደረሳትም። እባክዎ ጋሽ መድሃኔን አይቆጧቸው፤ በመሥሪያ ቤቱ ሥራቸው ከቀን ቀን የማይለዋወጠው እርሳቸው ብቻ ናቸው።

፫. የግቢው ሰው ይህ አድልዎ ነው ብሎ ሲያማዎት እኔ ተከራክሬልዎታለሁ። ባለፈው ጥር የውሃ መስመር ለማስገባት ስንጠይቅ ለእርሷ ፈቅደው እኔን ከልክለውኛልና። አድልዎ ቢሆንማ ወዴት እንደሚያጋድሉ አውቀን እንዘጋጅ ነበር። ክቡርነትዎ ለማንም አያደሉም፤ ትናንት ለወሰኑት ለራስዎ እንኳ አያደሉም።

፬. አናጢው የእኔን ወገን ብቻ ቢቀይር ውሃው ሁሉ ወደ ወይዘሮ ዘይነባ ቤት እንደሚወርድ ነገረን። ስለዚህ ፈቃዴን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ አብሬያት እየረጠብኩ ነው። ልጇ አፍራህ አስም አለባት፤ ቤቱ ርጥበት ሲይዝ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ስታስልም በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። በዚህ ቁጥር ሥር ምስጋና አልጨመርኩም፤ ተናድጃለሁና።

ይህን የምለው እኔ ከዚህ ነገር የነጻሁ ሆኜ አይደለም። በማስተምርበት ዘመን ውጤት የምመዘግበው በሌላ ወረቀት ላይ ስለነበር፣ አንድ ያረምኩት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ካልታረመው ክምር ተቀላቅሎ ሳላውቅ ደግሜ አረምኩት። ፈተናው ከሃያ የሚታረም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ፣ በማግስቱ አሥራ አራት ሰጥቼዋለሁ። ማለፊያው አሥር ነበር። ልጁም ጽሑፉም ያው ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ጥርሴን ያመኝ ነበር። በጣም አፈርኩ። ስሙን ሸፍኜ፣ የሰጠሁትንም ሳልነግራት ለባልደረባዬ ለወይዘሮ ጦቢያ ሰጠኋት፤ አሥራ ሦስት ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችን ነጥብ የምንሰጠው በምን በምን እንደሆነ ቀድመን እየጻፍን፣ ስም እየሸፈንን፣ የተራራቅንበትን ብቻ ቁጭ ብለን እየተነጋገርን አረምን። እኛ በዚህ የበለጠ አዋቂዎች አልሆንንም፤ ተማሪ ግን በእኔ ጥርስ መውደቁ ቀረ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን ነጥብ አስቀድመው እንዲጽፉ፣ የወይዘሮ ዘይነባም ማመልከቻ ስሙ ተሸፍኖ፣ የእርስዎን ውሳኔ ባላየ ሌላ ባለሙያ እንደገና እንዲነበብ በትሕትና እለምናለሁ። ይህ ለመሥሪያ ቤቱ የሚከብድ ከሆነ ግን የጎተራ የትራፊክ ሁኔታ በየጠዋቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍልን፤ ሕዝብም ከጋሽ መድሃኔ ፊት መሰለፉ ይቀርለታል።

መንገድዎን ክፍት፣ ማክሰኞዎን ብዙ ያድርግልዎ እያልኩ፣ በግማሽ ጣሪያ ሥር ሆኜ በሙሉ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አምኃ ወልደአረጋይ
የክቡርነትዎ የማክሰኞ ባለጉዳይ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘይነባ
ለጋሽ መድሃኔ፣ በር ላይ

ማስታወሻ፦ ሃብተአብ፣ እዚህ ላይ እንደ ድሮው አንተ ልበልህ። ያ ሁለት ጊዜ የታረመው ወረቀት ያንተ ነበር። ዘጠኙን መዝግቤ ብቀር ኖሮ ያን ዓመት ትደግም ነበር፤ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ እኔው ስላፈርኩበት ነው። ያንተ ወረቀት ሦስት ጊዜ ተነበበ፤ የአፍራህ እናት ማመልከቻ ግን እስካሁን የተነበበው አንዴ ነው፣ እሱም ረቡዕ ዕለት።