የታደሰ ክፍል እጀታ

ሰኞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1952

ዛሬም እምቢ አለኝ። እጀታውን በጨርቅ ይዤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጠመዘዝኩት፤ ትንሽ ዞር ይልና ይነክሳል። ባለፈው ሳምንት የባሌን ክፍል ላናፍስ ከፍቼ ነፋስ በሩን ገጭ ካደረገው ወዲህ ይኸው ተዘግቶ ቀረ። መስኮቱ ደግሞ ባለ ፍርግርግ ነው።

ታደሰ ቢኖር በሩን በጉልበቱ ወደ ላይ ገፋ፣ እጀታውን ወደ ግራ፣ አለቀ። ስንት ጊዜ አሳየኝ ብዬዋለሁ፤ «እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ» ይለኝ ነበር። ይኸው አንተ የለህም፣ እኔም ተጨነቅኩ። በጥር ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ከራሴ ሳል በቀር ድምፅ የለም። ክፍሉን ለሆስፒታሉ አዲስ ነርስ ላከራይ የተስማማሁትም ለዚህ ነው። ቅዳሜ ትመጣለች። በየት እንደማስገባት እንጃ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። ለእኔ በዓል ነው፣ ለጎረቤቴ ለሁሴን ግን ተራ ማክሰኞ፤ ስለዚህ መሣሪያውን ይዞ መጣ። እጀታው ከወለቀ ከሥሩ ያለውን ብረት አንስተን የቁልፉን ምላስ እንገፋዋለን አለ። ላምባ አፈሰሰበት። በጉጠት ይዞ እንደ ጠርሙስ ክዳን ሊፈታው ታገለ። ጉጠቱ አዳልጦ እጀታውን ሲጭረው እኔን የጫረኝ ያህል ተሰማኝ። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ በመጥረቢያ ይሻላል። በር በበር ይተካል» አለኝ።

አይሆንም አልኩት። በሩን የሠራው ታደሰ ነው። የበዓሉን ሥጋ አብረን ስለማንበላ እንቁላል ጠብሼለት በልቶ ሄደ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። እጀታውን አልነካሁትም። እውነቱን ልጻፍ፤ አለመከፈቱ ደስ ብሎኛል። ካፖርቱ፣ ባርኔጣው፣ መላጫው፣ ተኝቶበት የጎደጎደው ፍራሽ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። በሩ ከተከፈተ ላወጣቸው ነው። ናፍቀኸኛል ታደሰ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ሐሙስ

ነርሷ ቅዳሜ እንደማትቀር ላከችብኝ። ጨነቀኝና ቢላዋ ይዤ የእጀታውን ቀለም መፋቅ ጀመርኩ። ታደሰ እንቁጣጣሽ ሲደርስ በሩን ሳይቀባ አያልፍም። ከመሥሪያ ቤት የተረፈ ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ምንም ዓይነት ይሁን፣ በሩን ከነእጀታው። እጀታውን እንኳ ተው ስለው «ለእሱስ ዓመቱ አልተለወጠለትም?» ይላል።

አረንጓዴው ተነሣ፤ የዘንድሮው። ከሥሩ ሰማያዊ፤ በቆጂ ሠርግ የሄድንበት ዓመት። ከዚያ ቡኒ፤ እኔ ታምሜ የተኛሁበት። ከዴራ በመጣን ዓመት የቀባው ግራጫ ላይ ስደርስ እጄ ዛለ። እሱን ስፍቀው ከእጀታው አንገት ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን ብቅ አለች። ለካ እኛ እንደ ክዳን ስናሽከረክረው በብሎን ታስሮ ኖሯል። ባሌ ደግሞ በየዓመቱ ቀለም እየደረበ ብሎኗን ቀብሯታል። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ዓርብ

ሁሴን ብሎኗን በካቻቪቴ ፈታ። እጀታው እንደ ልጅ ጥርስ ወለቀ። ምላሱን ገፋው፣ በሩ ተከፈተ።

ክፍሉ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። የካፖርቱ ኮሌታ ሻግቷል፤ እኔ እጠብቅልሃለሁ ስል ላበሰብሰው ነበር። ጠርጌ ለአንድ የቆሎ ተማሪ ሰጠሁት። ባርኔጣውን ግን አልቻልኩም፤ እኔ ክፍል ሰቀልኩት። ሁሴን አዲስ እጀታ ገጠመልኝ። በአንድ ጣት ይከፈታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 10

ነርሷ ትናንት ገባች። አልማዝ ትባላለች። የሐረር ልጅ ናት፤ የአሰላ ብርድ አንቀጥቅጧታል። ማታ ስለ ታደሰ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ከቅዳሴ መልስ ማድ ቤት ቁርስ ሳሰናዳ የክፍሉ በር ሲከፈት ሰማሁ። አፌ ቀደመኝ። «ታደሰ» ብዬ ተጣራሁ።

የያዝኩትን ማንኪያ አስቀመጥኩ።

«አቤት» አለች ልጅቷ።

ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች መጥታ በራፉ ላይ ቆመች። የማን ስም እንደጠራሁ ታውቃለች። ቁርስ ደርሷል አልኳት። አብረን በላን። ነገም አፌ ይስት ይሆናል። ብቻ ዛሬ አቤት ያለኝ ሰው አለ።