ቀጥ ይበሉ

ሰኞ
ልጄ ለይላ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። እየነዳሁ በስልኩ ካርታ ሳይ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ጋ አንድ ተሸካሚ ልገጭ ነበር። ምን ላድርግ? መንገዱ በየቀኑ ይቆፈራል፤ ትናንት የታጠፍኩበት ዛሬ ዝግ ነው።

ቤት ስንገባ በድምፅ የሚመራ ነገር ጫነችልኝ። ስልኩን ሳልነካ ይናገራል፤ ስጠይቀውም ይመልሳል። የሴት ድምፅ ነው። «አባባ፣ ወይ እሷን ይስሙ ወይ የመኪናውን ቁልፍ ይስጡኝ። እማዬን እኔ ከሥራ አስፈቅጄ አደርሳታለሁ» አለች።

ቁልፌን አልሰጥም። መንዳት ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ባለቤቴ ሐሊማ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷ ይታጠባል። ሚኒባስ ላይ ስትሳፈር ያስመልሳታል። የማደርሳት እኔ ነኝ። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ማክሰኞ
ብቻዬን ሞከርኳት። በጭድ ተራ በኩል ልሂድ ስላት «መንገዱ ተጨናንቋል» አለች። ማን ነገረሽ ብዬ ሄድኩ። ተጨናንቋል። አላመሰገንኳትም።

ረቡዕ
ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ፣ ሐሊማ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የስልኩ ሴትዮ «ቀጥ ይበሉ» አለች። ቀጥ አልኩ! ፍሬን ረግጬ መኪናዋን መሐል መንገድ ላይ ገትሬ አቆምኳት። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ፋዘር፣ ፓርኪንግ እዚህ ሆነ እንዴ?» አለኝ። ሰው ሳቀ።

ለካ ቀጥታ ይሂዱ ማለቷ ነበር። ቀጥ በል ማለት ቁም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ እንዴት ሰው ይመራል?

ለለይላ አልነገርኩም። ሐሊማም አልነገረቻትም።

ሐሙስ
ሱቄ ውስጥ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ አስተማርኳት። ቀጥ ይበሉ አይባልም፣ ቀጥታ ይሂዱ በይ አልኳት። እሺ አለች። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። የሱቅ ጎረቤቴ ሙስጠፋ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ሁለተኛ አገቡ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አሸንፌያለሁ።

ቤት ገብቼ ለሐሊማ ነገርኳት። «ቃሉስ ተስተካከለ፤ ትናንት ድልድዩ ላይ ሚኒባሱ ግን ገና ከመቆምህ በፊት ጥሩምባ ሲነፋብህ ነበር። አልሰማህም እንዴ?» አለችኝ።

አልሰማሁም። የሴትዮዋን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፍቼው ነበር። ወይስ ጆሮዬ ነው? ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ጻፍኩት።

ዓርብ
ድምጿን ቀነስኩ። «ቀጥታ ይሂዱ» ስትል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ጥሩምባ ሁለቴ ሰማሁ፤ ሁለቴም ዳር ያዝኩ። ስልኩን አንዴም አልነካሁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያልሰማሁት ጥሩምባ ካለ አለመስማቴን በምን አውቃለሁ?

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ዞር ስል ሐሊማ የበሩን እጀታ ጨብጣ ነበር። አጥብቃ ስለያዘችው ጣቶቿ ደም የላቸውም። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትይዘው? ሁሌ ከጎኔ ተቀምጣ ሳለ እጇን አይቼው አላውቅም።

«ሰኞ ማን ይንዳልሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። በትዳራችን ሁሉ እኔ እወስናለሁ እንጂ ጠይቄያት አላውቅም። መልሷን ፈርቻለሁ። ቢሆንም እጠይቃታለሁ።