«ለሁሉም ላክ» የሚለውን ቁልፍ ስላስቀመጡበት ቦታ

ለቅርብ ሶፍትዌር ሥራዎች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ቦንጋ፣ ኅዳር 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ። ቀጥዬም «አለኝታ ሦስት» የተባለውን አዲሱን ፕሮግራምዎን የሠሩትን ወጣቶች ጤና እጠይቃለሁ፤ በተለይ የጣቶቻቸውን፣ እነዚያ ጣቶች ትንሽ አርፈው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበርና። እኛ በቦንጋ ደኅና ነን። ዝናቡ በኅዳርም አልለቀቀንም፤ መብራት በሳምንት አራት ቀን ይጎበኘናል፤ ከዚህ በቀር ምንም ቅሬታ የለንም። ያለንን ቅሬታ ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጫለሁ።

እኔ የላይ ሰፈር መረዳጃ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ሥራ ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ዕድራችን ሁለት መቶ አሥራ አንድ አባላት አሉት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ከሦስት ዓመት በፊት ድርጅትዎ «አለኝታ» የተሰኘውን የዕድር ፕሮግራም ሲያወጣ በዚህ አካባቢ ቀድመን የወሰድነው እኛ ነን፤ ሌሎቹ አሥራ አንድ ዕድሮች የእኛን አይተው ተከተሉ። ይህን የምጠቅሰው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን እርስዎ ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

በጥቅምት ወር የአዲሱን ፕሮግራም የማብሰሪያ በዓል የሚያሳይ ሲዲ ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። የአሥራ ሁለቱ ዕድሮች ሊቃነ መናብርትና ጸሐፊዎች በሔኖክ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ተመለከትነው። ማይክሮፎኑን ጉንጩ ላይ ለጥፎ በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ወጣት «አብዮት» የሚለውን ቃል አሥራ አራት ጊዜ ተናገረ። ቆጥሬአለሁ። በዚህ አገር አንዱን አብዮት ያየ ሰው አሥራ አራቱን በአንድ ሰዓት ሲሰማ በሩ የት እንዳለ መመልከቱ አይቀርምና ጥቂቶቻችን ተመለከትን። የቀሩት ግን ተደሰቱ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ተሰማ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ እንደሚወጣ በሰሙ ጊዜ አዲሱ ፕሮግራም ለአገር ዕድገት አስፈላጊ መሆኑን ወዲያው ተረዱ። እንዲህ ተከፋፍለን ወደየቤታችን ሄድን፤ ሳምንት ሳይሞላም ሔኖክ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ጫነልን። አስተያየታችን እነሆ።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ። አሮጌው ፕሮግራም ነጭና ግራጫ ነበር፤ ለዕድር የሚገባ ቀለም ነው። አዲሱ ደማቅ ብርቱካን ሆኗል። የሟቾችን ዝርዝር በከፈትኩ ቁጥር የሰርግ ጥሪ የተላከልኝ ይመስለኛል። ለዐይኔ በማሰብ ያደረጉት ከሆነ ዐይኔ ያመሰግናል፤ ሟቾቹን ግን ልጠይቃቸው አልቻልኩም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጡሩምባ። ወጣቱ በመድረኩ ላይ ከእንግዲህ የዕድር ጡሩምባ ታሪክ እንደሆነ ሲያውጅ ሲዲውን ሊያዩ አብረውን የመጡት የእኛ ጡሩምባ ነፊ አቶ ባፈና ጡሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከፊት አግዳሚ ተቀምጠው ነበር። አልተቆጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልኩ በር ላይ ደርሶ ሰው ካልወጣለት ቆሞ ይጠብቃል ወይ? ማንኪራ መንደር ያሉት ስድስት አባሎቻችን ስልካቸው የሚሠራው ጉብታው ላይ ሲወጡ ብቻ መሆኑን፣ አቶ ባፈና ግን ጉብታ እንደማያስፈልጋቸው ለመረጃ ያህል እጨምራለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ምስጋና ነው፤ ፍርድ ሚዛኗን እንዳትስት ብዬ በመካከል አስገባሁት። የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ወይዘሮ መኪያ በአዲሱ ፕሮግራም የዕድሩን ድስቶች ሲመዘግቡ ከአራት ዓመት በፊት የወጡ ሁለት ትልልቅ ድስቶች እንዳልተመለሱ አወቁ። ድስቶቹ በማግስቱ ተመለሱ፤ ከማን ቤት እንደመጡ በጨዋነት አልጽፍም። ወይዘሮ መኪያ ስለ ድርጅትዎ ክፉ ቃል መስማት አይፈልጉም፤ ይህን ደብዳቤም የሚፈርሙት ይህ አንቀጽ ካለበት ብቻ መሆኑን ነግረውኛል።

አራተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ።

በአሮጌው ፕሮግራም የአንድ አባል ስም ሲከፈት ከገጹ ግርጌ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ «አይላክ» ትላለች። ምናልባት በእናንተ ዘንድ ልማዱ ቀርቶ እንደሆነ ላስረዳ። ሰው በሩቅ ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ባለ ሐዘኑ ግን አይሰማም። ቅርብ ዘመድ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች በሩ ላይ ተሰብስበው፣ የሚይዘውም የሚያጽናናውም ሰው ባለበት፣ መርዶው በአፍ ይነገረዋል። ስለዚህ የሞት መልእክት ከመላኬ በፊት የባለ ሐዘኑን ስም ከፍቼ በዚያች ሳጥን ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳትኩም።

የእናንተ ወጣት ማንም የማይነካቸውን ሠላሳ ሰባት ሳጥኖች አጥፍተናል ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። የትኞቹ ሳጥኖች እንደሆኑ ሳልጠይቅ ማጨብጨቤ የእኔ ጥፋት ነውና በመዝገብ ይያዝልኝ።

ኅዳር 13 ቀን፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የወይዘሮ አልጋነሽ ታላቅ ወንድም አቶ ዘገዬ፣ ከቦንጋ ርቃ ባለችው በደካ፣ ማረፋቸው ተነገረን። ወይዘሮ አልጋነሽ ከዚህ ወንድም በቀር ወንድም የላቸውም፤ ያሳደጓቸውም እርሳቸው ናቸው። የወይዘሮ አልጋነሽ ልጅ በዚያው ዕለት ከጅማ እንድትነሣ ተደወለላት፤ መርዶው እሑድ ንጋት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። እኔም ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ መልእክቱን ጻፍኩ፣ የወይዘሮ አልጋነሽን ስም አወጣሁ፣ ጣቴም ሦስት ዓመት ወደ ለመደው ቦታ፣ ከግርጌ በስተቀኝ ሄዶ ተጫነ። ሳጥኗ የለችም። በእርሷ ቦታ ያስቀመጣችሁት «ለሁሉም ላክ» የሚለውን ቁልፍ ነው።

ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ፤ ወጣቱ በመድረኩ ላይ ስለ ፍጥነት የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ባጃጅ ለሚነዳው ለያሲር ደውዬ ወደ ገበያ ቀድሞኝ እንዲሄድና የወይዘሮ አልጋነሽን ስልክ በዘዴ እንዲቀበላቸው ነግሬ፣ እኔም በሰባ ሦስት ዓመቴ ቁልቁለቱን በፈጣን እርምጃ ወረድኩ። በኋላ እንደሰማሁት በገበያው የሃምሳ ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኋል፤ ሃምሳ ሰው ወደ አንዲት ሴት ዞሮ ወዲያው ፊቱን መልሷል። ወይዘሮ አልጋነሽ ኮረሪማና ጥምዝ ከፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ስልካቸው በእጃቸው ነው። ደግነቱ ፊደል አልቆጠሩም። ክፋቱ ደግሞ መልእክት በመጣ ቁጥር አጠገባቸው ያለውን ሰው ማስነበብ ልማዳቸው ነው።

መጀመሪያ ያነበበችው ጎናቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ፀዲ ነች፤ ስልኩ መልካም በዓል እያላቸው እንደሆነ ነገረቻቸው። የትኛው በዓል እንደሆነ ሲጠይቋት ሽንኩርት ወደ መምረጥ ተመለሰች። ያሲር ደረሰ፤ ከዘዴ ይልቅ በመንዳት የተሻለ ልጅ ነውና ስልኩን በመቀበል ፋንታ አንብብልኝ ሲባል አነበበ፤ ዕድሩ ድንኳን ሊያሳድስ ነው አለ። ወይዘሮ መኪያ ሲያልፉ ተጠሩ፤ እርሳቸው ደግሞ የጠፋ ድስት ያየ ሰው እንዲመልስ የወጣ ማስታወቂያ አደረጉት። አራተኛው አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ውሸት አይሆንላቸውም፤ ስልኩን ወዲያና ወዲህ አዟዙረው መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ አሉ። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር።

አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ ከንባብ አንዲት ቃል ዘልዬ ግማሽ ቀን ተንበርክኬ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከወረቀት ላይ የሌለ ቃል አንብቤ አላውቅም። በዚያ ቀን የገዛ እጄ የጻፈውን የሞት መልእክት በሁለት እጄ ይዤ፣ ድምፄን አስተካክዬ፣ የአባላት ስብሰባ ጥሪ አድርጌ አነበብኩ። ቀንና ሰዓትም ጨመርኩበት። ወይዘሮ አልጋነሽ አመስግነውኝ ስልኩን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ የቀረውን ኮረሪማ አንድ በአንድ ሰብስበው ከወትሮው ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጃቸውን ይዘን፣ ሽማግሌዎቹን ከፊት አስቀድመን ሄድን፤ አቶ ባፈና ጡሩምባቸውን ከጋቢያቸው ሥር ይዘዋል። በሩ ተከፍቶ ጠበቀን። ደጁ ተጠርጓል፤ ከጎረቤት የተዋሷቸው አግዳሚዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍተው መካከል ላይ ተቀምጠዋል። እኛ በሩ ላይ ቆምን። እርሳቸው ቀድመው ተናገሩ።

«አንዱን መልእክት አምስት ሰው አምስት ዓይነት ካነበበው፣ የተጻፈው ምን እንደሆነ ማወቅ አያቅትም። ግን ስልክ ለነገረኝ አላለቅስም ብዬ እናንተን ጠበቅሁ። አሁን ንገሩኝ።»

ጋሽ ተሰማ ነገሯቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ፤ እኛም አብረን። አቶ ባፈና ወጥተው ነፉ።

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ጎናቸው ተቀምጬ ሳለሁ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እትዬ ወርቄ፣ ያነበቡልኝ ስብሰባ ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ተሻግሮ ድንኳኑ በሳቅ እንደተሞላ፣ ከሳቁትም ቀዳሚዋ ባለ ሐዘኗ እንደነበሩ ስገልጽ ደስ ይለኛል። ያደረሳችሁብን ጉዳት ከዚህ ያላለፈው በእኚህ ሴት ጨዋነት ነው፤ በፕሮግራሙ ጥራት አይደለም።

በማግስቱ ወደ ደንበኞች አገልግሎታችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በጣም ትሁት ነች፤ እናቷን ያመሰግኑልኝ። ከተጠቃሚዎች ዘጠና አራት ከመቶው በዚያች ሳጥን ተጠቅመው እንደማያውቁ በጥናት ተረጋግጧል አለችኝ። አላስተባበልኩም። ሳጥኗ እምብዛም ያልተነካችው ሰው በየቀኑ ስለማይሞትብን ነው። ቃሬዛችንም አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚኖረው፤ እስካሁን ግን ማገዶ ይሁን ያለ ሰው አልተነሣም።

ስለዚህ አሥራ ሁለቱም ዕድሮች ባለፈው እሑድ ተሰብስበን ተወያየን፤ አዎን፣ እውነተኛ ስብሰባ፣ ጥሪውን አቶ ባፈና አደረሱ። አስተያየቱ እንደ ፊቱ የተለያየ ነበር። ጋሽ ተሰማ ፎቶግራፋቸው እንዲቆይ ይፈልጋሉ፤ ወይዘሮ መኪያ ድስቶቻቸውን፤ ሁለት ዕድሮች ብርቱካኑን ቀለም ለምደውታል። በአንድ ነገር ግን ልዩነት አልነበረም። «አይላክ» የምትለዋ ሳጥን ወደ ቀድሞ ቦታዋ፣ ከግርጌ በስተቀኝ ትመለስ፤ «ለሁሉም ላክ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ከእርሷ ቦንጋ ከደካ የሚርቀውን ያህል ይራቅ። ይህ እስኪሆን ሔኖክ አሮጌውን ፕሮግራም መልሶ ጭኖልናል። ታኅሣሥ 30 ቀን እንደሚዘጋ ያስታወቃችሁትን አይተናል። በዚያ ቀን ቢዘጋ ጡሩምባው አይዘጋም።

ትተውን ይሄዳሉ ብለው ግን አይስጉ። እኛ ዕድርተኞች ነን፤ የተጣላነውን ሰው እንኳ ከመዝገብ አንሠርዝም።

የእርስዎን ረጅም ዕድሜ፣ የድርጅትዎን ብልጽግና፣ የወጣቶችዎንም የጣት ዕረፍት አጥብቄ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በማይነቃነቅ ደንበኝነት እሰናበታለሁ።

ወርቅአፈራሁ ወልደ ጊዮርጊስ
የላይ ሰፈር መረዳጃ ዕድር ጸሐፊ፣ እንዲሁም የወይዘሮ አልጋነሽ አምስተኛ አንባቢ

ግልባጭ፦
ለአሥራ አንዱ ዕድሮች
ለወይዘሮ መኪያ (ሦስተኛው ቁጥር መኖሩን አይተው እንዲፈርሙ)
ለወይዘሮ አልጋነሽ (እንደተጻፈው ይነበብላቸው)
ለአቶ ባፈና (በቃል)

ሳልጽፍ ያለፍኩት፦ የአቶ ዘገዬን ዕረፍት ከሚገልጸው መልእክት ግርጌ ፕሮግራማችሁ ከራሱ ጨምሮ «እርስዎም ዛሬውኑ ይሞክሩት» የሚል ግብዣ ለሁለት መቶ አሥራ አንዳችንም አድርሶልናል። ስለ ግብዣው እናመሰግናለን፤ አባሎቻችን ለጊዜው አልቸኮሉም። ድርጅትዎ ቀድሞን የሞከረው እንደሆነ ግን ለእርስዎ መርዶውን በስልክ አንልክም፤ አውቶቡስ ተሳፍረን መጥተን፣ ጎህ ሲቀድ በርዎ ላይ ተሰብስበን፣ እንደ ወጉ በአፍ እንነግርዎታለን።