ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶኛል

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለቴሜሊና፤ ካሊምኖስ ደሴት፣ ግሪክ

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ያ ጉልበትሽስ ዳገቱን ያስወጣሻል? እናታችን እህል መቅመስ ጀመረች? እኔና ባለቤቴ ካሊዮፒ ከወገቤ በቀር ደህና ነን። እሱም ከጣሪያ ከወደቅሁ ወዲህ ያው እንደምታውቂው ነው፤ ያለ ከዘራ አልቆምም። በስልክ ያልነገርኩሽን የምጽፍልሽ ስልኩ እናታችን ራስጌ ስለሆነ ነው። ነገ ወደዚያ የምትነሳው የጓደኛዬ የሚኬስ ልጅ በእጇ ታደርስልሻለች።

"የአሁኑ እንደ ፋሲካው አይደለም፤ ድረስ" ካልሽኝ ጀምሮ ቀን ስቆጥር ነው የምውለው። ለፋሲካም እንዲሁ እናታችን ልትሞት ነው ብላችሁ ጠርታችሁኝ በርሬ መጣሁ። ቄሱ አቁርበዋት ከወጡ በኋላ ጎረምሶቹ እንደ ደሴታችን የፋሲካ ልማድ በየሰፈሩ እየተፎካከሩ ከገደሉ ላይ ድማሚቱን ሲያፈነዱት ብድግ ብላ "የእኛ ሰፈር በለጠ" አለችና የበግ ጎን አስቆርሳ በላች። ተመስገን ብለን ስቀን አለቀስን። እኔ ግን በዚያ ጉዞ ሁለት ሳምንት ጨረስኩ።

የአካል ጉዳት ጡረታ የሚበላ ሰው በዓመት ከአራት ሳምንት በላይ ውጭ አገር ከቆየ ይቆረጥበታል። የቀረኝ ሁለት ነው። አንዴ ከተቆረጠ እንደ አዲስ ሐኪም ፊት መቆም አለ። እምቢ ካሉኝ ኪራዩም መድኃኒቱም ካሊዮፒ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ ነው፤ እሷም የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ እጇ አልቋል።

ጡረታ ቢሮ ሄጄ ለመንኩ። ያስተናገደችኝ ልጅ ትሁት ናት። እናታችን እዚያ ከደረስኩ በኋላ ድንገት ብትታመም ኖሮ ጊዜው ሊራዘምልኝ ይችል እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ግን ታዝንልኛለች ብዬ፣ ገና ስቀመጥ ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ መሆኗን ዘክዝኬላት ነበር። ሚኬስ በአገራችን ልጆች ክበብ ውስጥ ካርታ ስንጫወት ይህን ሲሰማ ካርታውን ጣለና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለመንግሥት ቢሮ ትናዘዛለህ እንዴ? ቄስ አጣህ?" አለኝ።

ጨንቆኛል እህቴ። ካረፈች በኋላ ብትጠሩኝ አልደርስም፤ እናንተ በማግሥቱ ትቀብራላችሁ፣ ከዚህ መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል። አሁን መጥቼ ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ደግሞ ዓይኗ እያየ ሻንጣዬን ልይዝ ነው። የባሰውን ልንገርሽ፤ ትናንት ቁጭ ብዬ የእናቴን ሞት ከመመለሻ ትኬቴ ጋር ሳመቻች ቆየሁ። የማደርገው ሲገባኝ በራሴ አፈርኩ፤ ካሊዮፒ እንዳታየኝ ጓሮ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቢሆንም ቆርጫለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነሳለሁ።

ባለቤትሽን ስታማቲስን ሰላም በይልኝ፤ ወደቡ ድረስ መጥቶ ይቀበለኝ፣ ደረጃውን ብቻዬን አልችለውም። ልጅሽን ሴቫስቲን ሳሚልኝ። የእናታችንን እጅ ስመሽ እየመጣሁ መሆኔን ንገሪያት። ስንት ቀን እንደምቆይ ግን አደራሽን እንዳትነግሪያት፤ ካወቀች ለእኔ ስትል ትቸኩላለች።

ወንድምሽ ሳኬላሪስ
ዳርዊን፣ አውስትራሊያ፣ መስከረም 2016 እ.ኤ.አ.